እጆቼ መሪው ላይ ነበሩ

ኔሊዳ ዋርካያ ሃያ ስድስት ዓመት ሙሉ አንድ የመንገድ ጥግ ላይ ቆማ ስትጮህ ኖራለች። ሥራዋ መጮህ ነበር። በሳን ሁዋን ደ ሉሪጋንቾ ሰፈር ዋና ጎዳና፣ ከጎሚስታዎቹ ፊት ለፊት ባለው ፌርማታ፣ ደብተርና እስክሪብቶ ይዛ የሚያልፈውን ቅጥቅጥ አውቶቡስ ሁሉ ሰዓቱን ትጽፋለች። ቀጥሎ ለሚመጣው ሾፌር ደግሞ በመስኮቱ በኩል ትነግረዋለች፦ «ሰማያዊው በአራት ደቂቃ ቀድሞሃል! የራስህ መስመር መኪና በሁለት!»

ሾፌሩ ሳንቲም ይወረውርላትና ወይ ነዳጁን ይረግጣል ወይ ተሳፋሪ እስኪጠራቀምለት እግሩን ያነሣል። ቀዳሚው ሰዉን ጠርጎ ከሄደ ኋለኛው ባዶ ወንበር ሲያመላልስ ይውላል። በእኛ ሰፈር ደቂቃ ማለት ምሳ ነው። እንደ ኔሊዳ ያለችውን ሴት ዳቴራ እንላታለን፣ ደቂቃ ነጋሪ እንደማለት። በየትኛውም መሥሪያ ቤት መዝገብ ላይ እንዲህ የሚባል ሥራ የለም።

እኔ የምኖረው ከእሷ ቤት ላይኛው ፎቅ በተከራየኋት ክፍል ነው። ቤት ውስጥም ቀስ ብላ ማውራት አትችልም። «ጨው አቀብለኝ» ስትል ራሱ ሰማያዊው ቀድሞሃል የምትል ይመስላል። ሾፌሮቹ ይወዷታል፣ ይፈሯታልም።

«እትዬ ኔሊዳ፣ ዛሬ ማን ቀደመኝ?»

«ማን ያልቀደመህ አለ? አሁን አንድ ቀንድ አውጣ እያፏጨ አለፈህ።»

ከሾፌሮቹ ሁሉ የቅርቧ ሰው ፔርሲ አንካሲ ነው። ከዘጠኝ ዓመት በፊት አንድ ጠዋት ቀዩን አውቶቡሱን መሀል መንገድ ላይ ገትሮ፣ ግማሽ አካሉን በመስኮት አውጥቶ ነበር የጮኸው።

«እትዬ ኔሊዳ! ሴት ናት! ሦስት ኪሎ ከሁለት መቶ!»

«እንኳን ማርያም ማረቻት! አሁን ንዳ፣ ከኋላህ ያሉት ሊበሉህ ነው!»

«ክርስትና ካላነሣሽልኝ አልነዳም!»

«አነሣለሁ፣ አነሣለሁ! ንዳ አንተ እብድ!»

ከኋላ የተሰለፈው መኪና ሁሉ ጥሩንባውን እያንባረቀ ሳለ ሁለቱ አበልጅ ሆኑ። ልጅቱ ሉስሚላ ትባላለች። ኔሊዳ የራሷ ልጅ ስለሌላት የትምህርት ቤት ጫማዋን በየዓመቱ የምትገዛላት እሷ ናት።

ከሦስት ዓመት በፊት የቀዩ መስመር ኩባንያ ለኔሊዳ ስልክ ገዝቶ ሰጣት። ከእንግዲህ አትጩኺ፣ የሾፌሮቹ የስልክ ግሩፕ ላይ ጻፊ አሏት። በየሳምንቱም ይከፍሏታል። ጉሮሮዋ በዚያን ጊዜ ቆስሎ ሐኪም ዝም እንድትል አዝዟት ስለነበር ደስ አላት። ወንበር ገዛች፣ ጥላ ተከለች፣ እግሯን ዘርግታ መልእክት መላክ ጀመረች። ሾፌሮቹም እሷን ማየት ተዉ። ከጥጓ ሦስት ኪሎ ሜትር ርቀው ሳሉ ደቂቃቸው እጃቸው ይገባል። ቀና የሚል ሰው አልነበረም።

ስልክ በእጅ ይዞ መንዳት ድሮም ክልክል ነው። ባለፈው ዓመት ግን ትራፊኮቹ የምር መቅጣት ጀመሩ። በአንድ ወር ከቀዩ መስመር አሥራ አንድ ሾፌር ተቀጣ። ያኔ ኩባንያው በመናኸሪያው አዳራሽ ስብሰባ ጠራ። ሥራ አስኪያጁ አቶ ኤስፒቻን ከጀርባው «ሁለት እጅ ለመሪ፣ ሁለት ዓይን ለመንገድ» የሚል ጨርቅ አሰቅሎ ነበር። ለእያንዳንዱ ሾፌር አንዳንድ የስልክ መያዣ አደለ፣ ከመስታወቱ ላይ የሚለጠፍ።

«ሕጉ ምንድን ነው የሚለው?» አለ። «እጅ ነጻ ይሁን ነው የሚለው። እኛ ሕግ አክባሪዎች ነን። ስልኩ መያዣው ላይ፣ እጃችሁ መሪው ላይ። አንድ ነገር ደግሞ አለ። መልእክቱ እንደደረሳችሁ እኔ በምን አውቃለሁ? ስለዚህ መልእክት የደረሰው ሁሉ ወዲያው የአውራ ጣት ምልክት ይላክ። በአንድ ደቂቃ ውስጥ ያልላከ ሰው ለሦስት ቀን መኪና አይረከብም።»

ኔሊዳ ከኋላ ወንበር ተነሣች።

«አቶ ኤስፒቻን፣ አውራ ጣት የእጅ ነው የእግር?»

አዳራሹ በሳቅ ፈነዳ። አቶ ኤስፒቻንም ሳቀ። «እትዬ ኔሊዳ፣ አንዲት ነካ እኮ ናት! ትንኝ ከማባረር አትበልጥም።»

እሷም ሳቀች። ሳቀችና ተቀመጠች። ከዚያ ሁሉም መያዣውን ከፍ አድርጎ ፎቶ ተነሣ፣ እሷም መሀላቸው አለች። ፎቶው መናኸሪያው ግድግዳ ላይ ተሰቅሎ ነበር።

ከማግስቱ ጀምሮ በስልኳ ላይ ቢጫ አውራ ጣት ይዘንብ ጀመር። ለአንዱ ትጽፋለች፣ ጣት ይመጣል። ለሌላው ትጽፋለች፣ ጣት ይመጣል። ደብተሩንም አልተወችም። ሰዓቱን፣ ለማን እንደላከች፣ ጣቱ መቼ እንደመጣ ትጽፋለች። ስልኩ እያለ ለምን እንደምትጽፍ ብጠይቃት «እጄ ለምዶ ነው» አለችኝ፣ ሌላ አልጨመረችም።

ነገሩ የሆነው ሐምሌ ውስጥ፣ ማክሰኞ ጠዋት ነው። ካፊያ ነበር። አስፋልቱ ዘይት የተቀባ ይመስላል። ፌርማታው አጠገብ አባባ ፊደንሲዮ ያውሪ ጋሪያቸውን አቁመዋል። ገብስና ተልባ ከቅጠላ ቅጠል ጋር አፍልተው በብርጭቆ ይሸጣሉ። ኤሞሊየንቴ ነው መጠጡ፤ በክረምት ያለሱ ሥራ የሚጀምር ሰው የለም። ሰባ አንድ ዓመታቸው ነው። ሁልጊዜ ጠዋት መንገዱን ተሻግረው ለጎሚስታዎቹ ያደርሳሉ፣ ከዚያ ባዶ ብርጭቆዎቹን በሽቦ ቅርጫት ሰብስበው ይመለሳሉ። ሁልጊዜም በዜብራው ላይ። ዜብራው ላይ የሚሻገር ሰው በእኛ ጎዳና ብርቅ ስለሆነ ጎሚስታዎቹ «አባባ፣ ቀለሙን እንዳይረግጡት!» እያሉ ይቀልዱባቸው ነበር።

እኔ ፌርማታው ላይ መኪና እየጠበቅሁ ነበር። አባባ ፊደንሲዮ ቅርጫቱን ይዘው ከወዲያ ማዶ ወደ ዜብራው ሲገቡ አየሁ። ኔሊዳ ወንበሯ ላይ ሆና ትጽፋለች። የላከችው ይህ ነበር፦ ፔርሲ፣ ሰማያዊው በአንድ ደቂቃ ቀድሞሃል፣ ትደርስበታለህ።

ጣቱ መጣላት። እሷ ጣቱን ስታይ እኔ ቀዩን አውቶቡስ አየሁ።

ፍሬን አልተያዘም። መጀመሪያ የሰማነው ብርጭቆውን ነው።

ኔሊዳ ቀና ስትል አባባ ፊደንሲዮ አስፋልቱ ላይ በጎን ተኝተው፣ አንድ እግራቸው እግር በማይታጠፍበት አቅጣጫ ታጥፎ ነበር። ወንበሯን ገልብጣ ሮጠች። በጉልበቷ ተንበርክካ ጭንቅላታቸውን በሹራቧ ያዘች።

«አባባ፣ አይዞዎት፣ እኔ ነኝ፣ ኔሊዳ ነኝ።»

«ብርጭቆዎቹ…» አሉ። «ስንት ተረፈ?»

ፔርሲ ወርዶ ከበሩ አጠገብ ቆሟል። ፊቱ አመድ መስሏል። ማንም ምንም ሳይጠይቀው ሁለት መዳፎቹን ዘርግቶ ለሰዉ ሁሉ ያሳያል።

«እጆቼ መሪው ላይ ነበሩ! እዩ፣ ስልኩ መያዣው ላይ ነው! እጆቼ መሪው ላይ ነበሩ!»

ትራፊኩ መጣ። አንገቱን በመስኮት አስገብቶ መያዣውን አየ። ስልኩ ቦታው ላይ ነው ብሎ ጻፈ። አለቀ። እጁን አየ፣ መያዣውን አየ፣ ዓይኑ የት ነበር ብሎ የጠየቀ የለም።

አምቡላንሱ ከሄደ በኋላ ኔሊዳ ስልኳን ከመሬት አነሣች። ከማለዳ ጀምሮ የላከችው ሁሉ፣ የመጣላት ጣት ሁሉ ጠፍቷል። «ይህ መልእክት ተሰርዟል» የሚል ቃል ከላይ እስከ ታች ተደርድሯል፣ ሠላሳ ይሁን አርባ። ከሥሩ የግሩፑ አስተዳዳሪ የሆነው የአቶ ኤስፒቻን አዲስ መልእክት ብቻ አለ፦ ለአዛውንቱ እንጸልይ፣ ሾፌሮች በጥንቃቄ። ከጎኑ የተጣመሩ መዳፎች ሥዕል።

አነበበችው። ደግማ አነበበችው። ከዚያ ተሻግራ ሄዳ ስልኩን ጎሚስታዎቹ ካላማዳሪያ የሚፈትሹበት የውሃ በርሜል ውስጥ ከተተችው።

«እትዬ፣ ምን ነካሽ! ስልክ እኮ ነው!» አለ አንደኛው።

«ይጸልይ» አለች። «እዚያ ውስጥ ሆኖ ይጸልይ።»

ያ ስሕተት ነበር፣ ማስረጃ መጣል መሆኑን ኋላ አውቃዋለች። ግን ያን ጊዜ ስልኩን ብትነክሰው ኖሮ እንኳ ቁጣዋ አይበርድላትም ነበር።

ማታውን የፔርሲ ሚስት ዜናይዳ መጣች። በቀጭኑ ወለሌ በኩል የማይሰማ ነገር የለም፣ ኔሊዳ በተናገረች ጊዜ ደግሞ የወለሉ መቅጠንም አያስፈልግም።

«አበልጄ፣ ሌላ አላልኩሽም፣ ዝም በይ ብቻ ነው የምልሽ። ዝም ማለት ምን ያስከፍላል?»

«እኔን ምንም። ሽማግሌውን ዳሌውን አስከፍሎታል።»

«ሳያይ ነው የገባው ይላሉ።»

«ማነው የሚለው?»

«ሁሉም ነዋ።»

«ሁሉም የሚባል ሰው አይቼ አላውቅም። ስሙን ጥሪልኝ፣ ሄጄ በጥፊ ላጩለው።»

«ኔሊዳ፣ ለእግዜር ብለሽ! ፔርሲ ቢታሰር ልጄን ማን ያበላልኛል? አንቺ?»

«አዎ፣ እኔ! ክርስትና ያነሣኋት ለፎቶ መሰለሽ?»

ዜናይዳ አለቀሰች። ኔሊዳ ውሃ ሰጠቻት። ከዚያም፣ እንደዚያው እየተቆጣች፣ ለሉስሚላ የገዛችውን ሹራብ በፌስታል አድርጋ አስያዘቻት። ዜናይዳ በሩ ላይ ደርሳ «ዘመዳችን ሆነሽ ከባዕድ ጎን አትቁሚ» አለቻት። ኔሊዳ በሩን በፊቷ ዘጋችው።

ረቡዕ ሆስፒታል ሄድን። አባባ ፊደንሲዮ ስድስት ሰው በተኛበት ክፍል መስኮቱ ሥር ነበሩ። እግራቸው በገመድ ተሰቅሏል። ኔሊዳን ሲያዩ ሊነሡ ሞከሩ።

«ልጁን ችግር ላይ ጣልኩት፣ ኔሊዳ። ሳላይ ገብቼ።»

«ማነው ሳያዩ ገቡ ያለዎት?»

«የኩባንያው ጠበቃ። ደግ ሰው ነው። ብርቱካን አምጥቶልኛል።»

«ዜብራው ላይ አልነበሩም?»

«ነበርኩ መሰለኝ…» ብለው ጣሪያውን አዩ። «ግን ሰውዬው ሲያስረዳኝ ጊዜ… ጆሮዬም እንደ ድሮው አይደለም። አርጅቻለሁ እኮ። ነገ አንድ ወረቀት ያመጣል፣ ፈርሜለት ሁሉም ሰላም ይሆናል። ፔርሲንም ይቅርታ እንደምጠይቀው ንገሪልኝ።»

ይቅርታ! በሦስት ቦታ የተሰበረ ሰው፣ የሰበረውን ይቅርታ ሊጠይቅ። ወረቀቱ ምን እንደሚል ጠበቃው ነግሯቸዋል፣ እሳቸውም እንደ ውለታ አድርገው ነገሩን። ጥፋቱ የእኔ ነው፣ ከእንግዲህ በማንም ላይ ክስም ጥያቄም የለኝም ይላል። ኩባንያው በደግነቱ የመድኃኒት ይሰጣቸዋል። ፈርመው አሻራቸውን ካሳረፉ ጥፋቱም የእሳቸው፣ ዳሌውም የእሳቸው፣ ቀሪው ዕድሜያቸው በምርኩዝ ይሁን በአልጋ የእሳቸው ጉዳይ ይሆናል። ጋሪውን ማን ይገፋል ብሎ የሚጠይቅ አይኖርም።

ኔሊዳ ተሰናብታ ወጣች። ደረጃው ላይ ስንደርስ ግድግዳውን በመዳፏ ደጋግማ መታችው፣ ሰዎች እስኪዞሩ ድረስ።

«ለምን አልነገርሻቸውም?» አልኳት።

«ብነግራቸው አንድ ነገር ይጠይቁኛላ።»

«ምን?»

«ማን ነው የጻፈለት ይሉኛል።»

ከሆስፒታሉ እኔን አስከትላ በቀጥታ መናኸሪያው ሄደች። ፔርሲ ለጥቂት ቀን እንዳይነዳ ተደርጎ ከሌሎቹ ጋር ካርታ ይጫወት ነበር። ስታየው ካርታውን ከእጁ ነጥቃ መሬት ላይ በተነችው። ሌሎቹ ሾፌሮች ቀስ እያሉ ራቁ።

«ሂድና ንገራቸው።»

«ምን ብዬ?»

«ስልክ እየነካሁ ነበር በል። ዓይኔ መንገዱ ላይ አልነበረም በል። ሌላ ምንም አልልህም፣ ይህን ብቻ በል!»

«እጆቼ መሪው—»

«ይህን ዓረፍተ ነገር ሁለተኛ ብሰማህ በዚህ ወንበር ነው የምልህ! ጣትህን ማን ላከልኝ? አፍንጫህ?»

ፔርሲ ዙሪያውን አየ። ድምፁን ዝቅ አደረገ።

«ጣት ካልላክሁ ሦስት ቀን ያስቀምጡኛል፣ አበልጄ። ሦስት ቀን! ታውቂያለሽ እኮ። አንቺ ራስሽ ስብሰባው ላይ ነበርሽ። ሁላችንም እንዲሁ ነው የምንነዳው፣ እኔ ላይ ደረሰ እንጂ።»

«አንተ ላይ አልደረሰም። ሽማግሌው ላይ ነው የደረሰው።»

«እሺ፣ እሳቸው ላይ! ታዲያ እኔን ብቻ ነው የምትሰቅዪኝ? ትደርስበታለህ ብሎ የጻፈልኝ ማን ነው?» ጣቱን ደረቷ ላይ ቀሰረ። «ማን ነው? በይ ንገሪኛ! እጄ ሲነካ የነበረው ያንቺን ቃል አይደለም?»

የፔርሲ ንግግር ውሸት ቢሆን ኖሮ ኔሊዳ በጥፊ ትለው ነበር። እውነት ስለሆነ ብቻ እጇ አልተነሣም። ወደ በሩ ስትሄድ ከግድግዳው ላይ ያን የስብሰባ ፎቶ አውርዳ ከነመስታወቱ የቆሻሻ ገንዳ ውስጥ ጣለችው።

ማታ ፖሊስ ጣቢያ ሄደች። ተረኛው ሃምሳ አለቃ ደብተሯን እስከ መጨረሻው አገላብጦ አየው፣ አልሳቀባትም። «ግሩፑ ላይ ቢሰርዙትም የስልክ ድርጅቱ ዘንድ የሚቀር ነገር ይኖራል» አላት። «የሾፌሩን ስልክ ለማስመርመርም ይህ ደብተር ምክንያት ይሆነኛል። ግን ሽማግሌው አቤት ማለት አለባቸው። ነገ ያንን ወረቀት ከፈረሙ እኔ የምይዘው ነገር የለም። አንቺም ደግሞ እወቂው፣ መልእክት ላኪዋ ስለሆንሽ ስምሽ ክሱ ውስጥ ይገባል።»

«ይግባ» አለችው።

ቤት መጥታ ግን ወንበር ላይ እንደተቀመጠች ነጋ። ቡናውን ምድጃው ላይ ረስታ አገነፈለችው። ፈርታም ነው፣ ተናድዳም ነው፤ ሁለቱን መለየት አልቻልኩም።

ሐሙስ ሆስፒታሉ ስንደርስ ጠበቃው ቀድሞናል። ወጣት ነው፣ ጥሩ ጫማ ያደረገ። የብርቱካን ከረጢት አልጋው ላይ፣ ወረቀቱ ጠረጴዛው ላይ፣ የአሻራው ቀለም ተከፍቶ ከጎኑ። አባባ ፊደንሲዮ መነጽራቸውን አድርገው እስክሪብቶውን ይዘዋል።

«ያስቀምጡት» አለች ኔሊዳ ከበሩ ላይ። ስድስቱም በሽተኞች ዞሩ።

«እመቤት፣ ይህ የግል ጉዳይ ነው» አለ ጠበቃው።

«አንተን የጠራህ የለም። አባባ፣ እስክሪብቶውን ያስቀምጡት፣ የማነብልዎት አለኝ።»

ደብተሩን ከሹራቧ ሥር አወጣች። በዚያች ክፍል ውስጥ እንደ ጎዳናው ላይ ጮክ ብላ አነበበች።

«ማክሰኞ። አሥራ ሁለት ከአርባ አንድ፣ ሰማያዊ አለፈ። አሥራ ሁለት ከአርባ ሁለት፣ ለፔርሲ ተላከ። አሥራ ሁለት ከአርባ ሁለት፣ ጣት መጣ።» ደብተሩን ገልብጣ ለሽማግሌው አሳየቻቸው። ከዚያ በታች ገጹ ባዶ ነው። «ከዚህ በኋላ ያለው እርስዎ ነዎት።»

ጠበቃው ፈገግ አለ። «ይህ እኮ የሱቅ ደብተር ነው።»

«አዎ፣ ከሱቅ ነው የገዛሁት። ያንተ ወረቀት ከሰማይ ነው የወረደው?»

«መልእክቱስ? ስልክሽን አሳዪን።»

«በርሜል ውስጥ ነው።»

«በርሜል ውስጥ!» ብሎ ወደ በሽተኞቹ ዞሮ ሳቀ። አንድም ሰው አብሮት አልሳቀም።

አባባ ፊደንሲዮ መነጽራቸውን አወለቁ።

«ጣት መጣ ማለት ምንድን ነው?»

«መልእክት ሲደርሳቸው የሚልኩት ምልክት ነው፣ አባባ። ስልኩን በጣት ነክተው ነው የሚልኩት። ኩባንያው ነው ያዘዛቸው።»

«እየነዱ?»

«እየነዱ።»

«ስለዚህ ፔርሲ እኔ ስሻገር…»

«ስልኩ ላይ ነበር።»

«እኔ ዜብራው ላይ ነበርኩ።»

«ዜብራው ላይ ነበሩ።»

«ዜብራው ላይ ነበርኩ!» አሉ ደግመው። ለሁለት ቀን ሰው ነጥቋቸው የነበረ ነገር ነው። ጠበቃውን አዩት። ብዙ ዓመት አውቃቸዋለሁ፣ እንዲህ ሲያዩ አይቻቸው አላውቅም። «ብርቱካንህን ይዘህ ውጣ።»

«አባት፣ ይረጋጉ፣ ለጤናዎ—»

«ውጣ ነው የምልህ!» ብለው ጠረጴዛውን በክንዳቸው ጠረጉት። የአሻራው ቀለም አንሶላው ላይ ተደፋ። ሰውዬው ወረቀቱን ከመሬት ለቅሞ፣ ጥሩ ጫማው ላይ የተንጠባጠበውን ሰማያዊ ቀለም እያየ ወጣ። ብርቱካኑን ረሳው።

ኔሊዳ አሁን ትንሽ ተነፈሰች። ያሰበችው ሆነ፣ ሽማግሌው አልፈረሙም። ግን ዓይናቸው ከእሷ ላይ አልተነሣም ነበር።

«መልእክቱን ማን ነው የላከው?»

ኔሊዳ ወደ አልጋው አንድ እርምጃ ቀረበች።

«እኔ» አለች።

«አንቺ።»

«እኔ ነኝ፣ አባባ።»

«ትናንት እዚሁ ቆመሽ ነበር።»

«ቆሜ ነበር።»

«ይቅርታ ጠይቂልኝ ስልሽ ዝም አልሽኝ።»

ራሷን አቀረቀረች። ያቺ ሴት አንገቷን ስትደፋ ያየሁት ያን ቀን ብቻ ነው።

«ድሮ ስትጮኺ ቢያንስ ቀና ብለው ያዩሽ ነበር» አሉ። «መንገዱንም ያዩ ነበር። ወረቀቱን አልፈርምም። ስለነገርሽኝ አይደለም፣ ዜብራው ላይ ስለነበርኩ ነው። የፔርሲን ስም ለፖሊስ እሰጣለሁ። የዚያን አለቃችሁን ስም እሰጣለሁ። ያንቺንም እሰጣለሁ።»

«ይስጡ። ልነግርዎት የመጣሁት ለዚያው ነው። እነዚያ ውሾች እርስዎን ዕውር አድርገው፣ እኔን—»

«ዝም በይ!» አሉ። ከትራሳቸው ተነሥተው፣ የተሰቀለው እግራቸው እያመማቸው፣ ጣታቸውን ወደ በሩ ቀሰሩ። «አንቺ በእኔ ፋንታ አትቆጪ! ይሄኛው ቁጣ የእኔ ነው። ውጪልኝ።»

ደብተሩን አልጋው ጫፍ ላይ አስቀምጣ ወጣች። እኔም ልከተላት ስዞር ከኋላዬ ጠሩኝ።

«አንተ ልጅ፣ አንተ ቅር። መጻፍ ትችላለህ?»

«እችላለሁ፣ አባባ።»

ጠበቃው የረሳውን እስክሪብቶ ከአንሶላው ላይ አንሥተው ሰጡኝ። ነርሷ ወረቀት አመጣችልኝ። በመስታወቱ በር በኩል ኔሊዳ ኮሪደሩ ላይ ቆማ ትታየኛለች፤ አልተቀመጠችም፣ አልሄደችም። ሽማግሌው መነጽራቸውን መልሰው አደረጉ።

«ጻፍ» አሉኝ። «ዜብራው ላይ ነበርኩ ብለህ ጀምር።»